የእህቴ አፍንጫ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ቁስል እሠራለሁ» እላለሁ። ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «እ፣ ሜካፕ አርቲስት ነሽ ማለት ነው» ይለኛል፤ እኔም እበግናለሁ። ሙሽራ አልኳኩልም፣ ቅንድብ አልቀነድብም። ፊልም ላይ በጥይት የተበሳ ትከሻ፣ እሳት የላሰው እጅ፣ በሳንጃ የተሰነጠቀ ጉንጭ ካያችሁ እሱ ነው የኔ ሥራ። የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሰባ ዓመት ሽማግሌ አድርጌ አስነሥቼዋለሁ። ይህን ስናገር ጉራ ይመስላል። ይምሰል፤ ሌላ የምመካበት ነገር የለኝም።

ዕቃው እንደ ልብ አይገኝም። ሲሊኮኑ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚገባው። እሱ ሲያልቅ ጄላቲን፣ ጄላቲን ሲጠፋ ጥጥና ሙጫ ይዤ እታገላለሁ። ደሙን ከስኳር ውሃና ከምግብ ቀለም ነው የማፈላው። አንድ ጊዜ ጫጫ አጠገብ እርሻ ውስጥ ስንቀርጽ ንብ ደሙን ሸትቶት መጣና አንድ ሙሉ ጦር ሠራዊት፣ የሞተው ሳይቀር፣ ተነሥቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ዳይሬክተሩ በእኔ ጮኸ። እኔ ደግሞ ንቡን ቀጥሬው አልመጣሁም።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ስለ እህቴ ለመናገር ድፍረት እስካገኝ ነው።

እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ተወልደን ያደግነው አንኮበር ወረዳ፣ ከጎረቤላ ብዙም ሳይርቅ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ነው። እትዬ ነው የምላት። በልጅነቷ ያገሩ ሰው ስለ አፍንጫዋ ያወራ ነበር። ሰርግ ላይ «ሰልካካዋ» እያሉ ይጠሯት ነበር፤ እሷም እየሰማች እንዳልሰማች ታልፍ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት እዚያው አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሽንብራ የምታህል ብጉር ወጣች። አልጠፋ አለች። ቁንጭር ነበር።

ቁንጭር የእኛ የገደላማው አገር በሽታ ነው። አሮጊቶቹ የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው ይላሉ፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ሽኮኮ ከሚኖርበት ገደል የምትመጣ ደቃቅ ዝንብ ናት ይላሉ። ማንም አመጣው ማን፣ አይቸኩልም። በወር በወር እየቆረሰ ነው የሚበላው። እትዬን ጠበል ወሰዷት፤ ቅጠል ደፈደፉባት፤ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ በጋለ ብረት ተኮሳት። ሆስፒታል የደረሰችው ሁሉም ነገር ከተሞከረ በኋላ ነው። መርፌው በሽታውን አቆመው፤ የተበላውን ግን አልመለሰውም። የአፍንጫዋ ጫፍና የግራው ክንፍ አልነበሩም። ድምፅዋም በአፍንጫ የሚወጣ ሆነ። አጭቷት የነበረው ሰው ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ጠየቁና ቀለበታቸውን ወሰዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የነጠላዋ ጫፍ ከአፍንጫዋ ላይ አልወረደም። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ልቅሶ ቤት፣ የትም። ቆይቶ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ደግ ሰው አገባት። ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ዳዴ ስትል እሱም ሞተ። እትዬ ልጇን ብቻዋን አሳደገች፤ የሰፈር ልጆች ልጅቷን «የፎንፋናዋ ልጅ» እያሉ ሲጣሩ እየሰማች። ልጅቷ አድጋ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጠረች፤ ቤት ተከራየች፤ እናቷ ዘንድ በሳምንቱ መጨረሻ እየመጣች ትሄድ ነበር።

አንዳንድ ብልጥ ነኝ ባይ ጋዜጠኛ «ወደዚህ ሙያ የገባሽው በእህትሽ ምክንያት ነው አይደል?» ይለኛል። አይደለም። ሥራ ስላጣሁ ነው የገባሁት። አዲስ አበባ ቲያትር ቤት ፀጉር አስተካካይ ሆኜ ገብቼ፣ አንድ ቀን ጢም የሚለጥፈው ሰውዬ ቀረና እኔ ለጠፍኩ። ይኸው ነው ታሪኩ። የእትዬን ፊት እንኳን ላስብበት፣ ካየሁትም ስንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እሷ ትሸፍነዋለች፤ እኔም እንዳላይ ሆኜ እዞራለሁ። በእኛ ቤት ይህ መከባበር ይባል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የድሮ ዘመን ታሪክ የሚያወራ ፊልም አንኮበር ሸንተረር ላይ ልንቀርጽ መጣን። ሌሎቹ ሆቴል ሲያርፉ እኔ እትዬ ቤት አረፍኩ። በየቀኑ እየመጣች ከድንኳኑ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። የተዋናዩን ጉንጭ ስሰነጥቅ፣ ሥጋውን ሳቀላ፣ ጠርዙን ሳጠቁር ዓይኗን አትነቅልም። ሌሎች ሴቶች በስመ አብ ብለው ይሸሻሉ፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላዞረችም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ለሥራ ስወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

«ይኼን ቁስል ከባዶ አውጥተሽ ነው የምትለጥፊው አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«ደህና አፍንጫስ?»

 እሷ ነገሩን አስባበት ጨርሳለች። ጉበቷን እንደታመመች፣ ሐኪሙም ከእንግዲህ ቤቷ ሆና የምትወደውን ትብላ ብሎ እንደሸኛት የነገረችኝ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ነው። ልክ በሬዋ እንደጠፋ በምታወራበት ድምፅ ነው የነገረችኝ። እኔ ማልቀስ ስጀምር ተቆጣች።

«አታልቅሽብኝ! ለቅሶው ይደርሳል። የምነግርሽን ስሚ። ስሞት ድንኳን ይጣላል፤ ድንኳን ውስጥ ፎቶ ይቀመጣል። የኔ ፎቶ የታለ? አንድም የለኝም። ሰው ሁሉ በተከፈተ ፊት እየተለቀሰለት ይሄዳል፤ እኔ ነጠላ ለብሼ ልቀመጥ? ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ የፎንፋናዋ ልጅ ተብላ ኖራለች። ቢያንስ በምቀበርበት ቀን ቆንጆ እናት ይኑራት።»

እውነቷን ነበር። በሁሉም ፎቶ ላይ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። መታወቂያ ላይ ፊት መግለጥ ግዴታ ስለሆነ አንድ ጊዜ ተነሥታ ነበር፤ እሱንም መታወቂያው በእጇ በገባ ማግሥት በምላጭ ፍቃዋለች።

«ለልጅሽ ንገሪያት» አልኳት።

«አልነግራትም። ‹እማዬ ለኔ እንደዚሁ ቆንጆ ነሽ› ብላ ታስተወኛለች። አውቃታለሁ። ማይልኝ፤ እስክቀበር ድረስ አታሳዪያትም።»

በእናታችን አጥንት ማልኩላት። ሞት ይርሳኝና፣ ያን ጊዜ ሌላ የሚጎዳ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። እህቴ ከእኔ አንድ ነገር ለመነች፤ ደግሞ የማውቀውን ነገር ለመነች። ከዚህ በላይ ምን ነበር የማስበው?

ልጅቷ ደብረ ብርሃን ሥራ ላይ በነበረችበት ቀን በሩን ዘግተን ጀመርን። መጀመሪያ የፊቷን ልክ መውሰድ አለብኝ። የጥርስ ሐኪሞች የመንጋጋ ልክ የሚወስዱበት ዱቄት አለ፤ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ አጥሚት ይሆናል፤ ፊት ላይ ሲደፉት በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። በእሱ ላይ ጀሶ ይለበጣል። ከዚያ ተላቅቆ ሲወጣ የሰውየው ፊት ከነሽብሽቡ ውስጡ ተቀርጾ ይገኛል። ሰው ግን ይፈራል፤ ዓይንም አፍም ይዘጋል፤ የሚተነፈሰው በአፍንጫ ነው። የእትዬ አፍንጫ ደግሞ እንደ ሰው አፍንጫ አልነበረም። 

ነጠላዋን አወረደች። ከስንት ዓመት በኋላ በቀን ብርሃን አየሁት። ጠባሳው እንደ ሰም የለሰለሰና የሚያበራ፣ በጠርዙ ነጣ ያለ፣ በውስጡ ጠቆር ያለ ነበር። እኔ ስንት ቁስል የሠራሁ ሴት ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጨነቀኝ። እሷ ገብቷት «ሥራሽን ሥሪ እንጂ፤ ፊልም ነው በይው» አለችኝ። በፈሳሹ ሸፍኛት ሳበቃ እጄን ያዘችኝ። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አልለቀቀችኝም። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ እትዬ ቤት ሁልጊዜም ብርድ ነው።

ከልኩ ላይ በጀሶ ፊቷን አወጣሁና፣ በላዩ በጭቃ አፍንጫ መሥራት ጀመርኩ። ችግሩ የድሮ አፍንጫዋን አላስታውሰውም። አፍሬ አልነገርኳትም። ሰልካካ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበውን ቀጥ ያለ፣ ስስ አፍንጫ ሠራሁ። ስጨርስ መጣች፤ አላየችውም፤ ዓይኗን ጨፈነችና በሌባ ጣቷ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

«እዚህ ጋ ትንሽ ጎበጥ ይል ነበር» አለች። ጎበጥ አደረግኩት። እንደገና ዳሰሰች። «አሁን ጫፉ በዛ። ቀንሺው።» ቀነስኩ። እንዲህ እያልን መሸ። በመጨረሻ ጣቷ ታች ደርሶ ቆመ። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«አንቺ ልጅ፣ መጣች እኮ» አለች።

ፎቶውን የተነሣነው ደብረ ብርሃን ነው። ጠዋት ለዚሁ ብዬ በያዝኩት ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ከጭቃው ቀድቼ የሠራሁትን የሲሊኮን አፍንጫ ለጠፍኩላት፤ ጠርዙን አጠፋሁት፤ የፊቷን ቀለም በላዩ ላይ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ጣልኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። ስቱዲዮ ስንገባ ፎቶ አንሺው ቀና በይ፣ አገጭሽን ዝቅ፣ ፈገግ በይ ሲላት ቆየና «ጨርሰናል እናቴ» ብሎ ሸኘን። አላወቀም! ከሁለት ክንድ ርቀት፣ በዚያ ሁሉ መብራት፣ አላወቀም። ሙያዊ ኩራቴ ተነሣብኝ፤ አልክድም።

ስንወጣ ባጃጅ ልጠራ ስል ከለከለችኝ። «በእግሬ ልሂድ» አለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ያ የደብረ ብርሃን ንፋስ ፊቷን እየገረፈው፣ በዋናው አስፋልት ዳር እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄድን። ሰው እየገፋን ያልፋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ። አንዲት ብርቱካን ሻጭ «እናት፣ ግዙኝ እንጂ» አለቻት። እትዬ ቆማ ብርቱካኑን አገላብጣ መረጠች፤ ተከራከረች፤ ገዛች። መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«አየሽ?» አለችኝ። «አንድም ሰው አላየኝም።»

ሆቴል ተመልሰን ሳነሣላት ጠርዙ ተቀደደ። ሁሌም ይቀደዳል፤ ስስ ስለሆነ ለአንድ ቀን ነው የሚሠራው። ሌላ ልሥራልሽ አልኳት። «በቃኝ» አለችና ነጠላዋን መልሳ ጠመጠመች።

በአራተኛው ወር ሞተች።

ከአዲስ አበባ ፎቶውን አሳድጌ፣ ክፈፍ አስገብቼ ይዤ መጣሁ። ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ እድሩ ድንኳን ውስጥ መሐል ላይ ጠረጴዛ አስቀመጠልኝ፤ ፎቶውን እዚያ አቆምኩት። ሰው እየገባ ያየዋል። ጎረቤቶቿ ግራ ተጋቡ። አንዳንዷ እኔን ታያለች፣ ፎቶውን ታያለች፣ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። ግን ልቅሶ ቤት ነው፤ ማን ይናገራል?

ልጅቷ ከጓዳ ደግፈዋት ወጣች። ፎቶውን አየችው። ቆመች። ማልቀሷንም አቆመች። መጀመሪያ ደነገጠች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ ወደ እኔ ተጠግታ፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «አክስቴ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለችኝ።

«እናትሽ ናት። እሷ ራሷ ነች ያዘዘችኝ፤ ኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። «አሁን አልቅሺ።»

አልቅሺ እላታለሁ እንግዲህ! በማታውቃት ሴት ፎቶ ፊት ቆማ እንድታለቅስ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ብሆን ነው?

ከታች ከቆላው በኩል የመጣች አንዲት አልቃሽ ነበረች። ሙሾ አውራጅ ናት፤ በአገሩ የታወቀች። እትዬን ግን በአካል አታውቃትም። አልቃሽ የማታውቀውን ሰው ስታለቅስ ከቤተሰቡ ጥቂት ትጠይቅና የቀረውን ከፎቶው ታነባለች፤ ወጉ ነው። መልክ ካለው መልኩን፣ ማዕረግ ከለበሰ ማዕረጉን ታነሣለች። እሷም ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አንሥታ በሁለት እጇ ወደ ላይ ከፍ አደረገችና ድምፅዋን ለቀቀች፦

ሰልካካ አፍንጫሽን ሠዓሊ የሣለው፣
አፈር ሊበላው ነው፣ እኔን ይብላኝ ምነው!

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ደረቱን ለመምታት እጁን አንሥቶ እዚያው አየር ላይ አቆመው። እንግዶቹ ብቻ አለቀሱ። ጎረቤት ሁሉ አንገቱን ደፋ። አልቃሿ የገጠማትን አላወቀችም፤ ሰው ስላልተቀበላት ድምፅዋን ጨምራ ደገመችው።

«እናቴ አፍንጫ አልነበራትም!»

ልጅቷ ነች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያች ዝምተኛ ልጅ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። «አፍንጫ አልነበራትም! ሁላችሁም ታውቃላችሁ! ፎንፋና ስትሏት አልነበረም እንዴ? አሁን ምን እያያችሁ ነው የምታለቅሱት?» ከአልቃሿ እጅ ፎቶውን ነጥቃ በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። መስታወቱ ሲሰነጠቅ ተሰማ።

እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሄጄ አነሣሁት። ሰው ሁሉ እያየኝ መልሼ አቆምኩት። ለእህቴ ምያለሁ። እዚያው አጠገቡ ቆሜ፣ እንደ ዘበኛ፣ ድንኳኑ እስኪነሣ ጠበቅሁት። ልጅቷ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ሦስቱንም ቀን ወደ ድንኳኑ አልተመለሰችም። ለእናቷ ሳታለቅስ ልቅሶው አለቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ፤ የሞተችውን ደስ አሰኝ ብዬ በሕይወት ያለችውን አስቀየምኩ።

ከአርባው በፊት ደብረ ብርሃን ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ትመታኝ ብዬም ነበር። ሻይ አፈላችልኝ። ስለ መሐላው፣ ስለ አስፋልቱ፣ ስለ ብርቱካኑ፣ ሁሉን ነገርኳት። «ለአንቺ ብላ ነው፤ ቆንጆ እናት እንዲኖርሽ» ስላት በአይበሉባዋ ዓይኗን ጠረገች።

«እንግዲህ አንቺም እሷም የምታውቋትን አስቀርታችሁልኛል» አለች። «እኔ የማውቃት እሷን አይደለም። እማዬ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነጠላዋን ታወርድ ነበር። ያን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ስትስመኝ ጉንጯ ጉንጬ ላይ ግጥም ይል ነበር፤ በመሐል የሚገባ ነገር የለማ። ሌላ ሰው ሲስመኝ እስከ ዛሬ አፍንጫው ይወጋኛል።» ስልኳን አወጣችና ፎቶዎቹን አሳየችኝ። ነጠላ፣ ነጠላ፣ ነጠላ። «አክስቴ፣ እየጠፋብኝ ነው። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ያቺ የፎቶዋ ሴትዮ ትመጣለች። የእማዬ ፊት እየጠፋብኝ ነው።»

ከሥራ ሻንጣዬ ጀሶውን አወጣሁላት። ከፊቷ ላይ የወሰድኩት ልክ ነው፤ የጭቃው አፍንጫ ተነሥቶለት ጠባሳው ከነሽብሽቡ አለበት። ትክክለኛው የእናትሽ ፊት በዓለም ላይ ያለው እዚህ ብቻ ነው አልኳት። ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ነጭ ነው፤ ዓይኑ ተጨፍኗል።

«ይሄማ ሬሳዋ ነው» አለች፤ መለሰችልኝ። ከዚያ «እኔ ላይ ሥሪው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ፊቷን። ዓይናችን አንድ ነው፤ ሁሉም ይላል። በእኔ ፊት ላይ ሥሪልኝና በመስታወት ልያት።»

ብድግ ብዬ ተነሣሁ። በእኛ አገር ሰው የሌላውን ቁስል ሲያወራ በራሱ ገላ ላይ አያሳይም፤ ካመለጠውም «እኔን አይንካኝ» ብሎ እትፍ ይላል። እናታችን በሕይወት ሳለች እጆቼን እያየች «በጤና ገላ ላይ መዓት ስትጠሪ አንድ ቀን ይሰማሻል» ትለኝ ነበር። እኔም እስቅባት ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። የእትዬን ቁንጭር ወስጄ ለአንድ ልጇ፣ ለዚያ ንጹሕ ፊት? ምን ቆርጦኝ! «ሟርት ነው፤ አፈር ስሆን ይህን አትጠይቂኝ» አልኳት።

«የሰው ልጅ ፊት ላይ ስትለጥፊ ኖረሽ፣ እኔ ጋ ስትደርሺ ነው ሟርት የሆነው?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያንን ሁሉ ተዋናይ የወለደች እናት ነበረችው፤ አንድ ቀን አስቤላቸው አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ሠራሁት። ሁለታችንም ምንም አልቀመስንም፤ ማንም እንድንጾም አላዘዘንም። አፍንጫን መቁረጥ አይቻልም፤ በእኛ ሥራ መጨመር እንጂ መቀነስ የለም። ዙሪያውን በስሱ ከፍ ታደርጊያለሽ፤ መሐሉን በጥቁርና በቡና ቀለም ታጎደጉጂዋለሽ፤ ከፊት ለፊት ሲታይ ዓይን ጉድጓድ ነው ብሎ ያምናል። ከጎን ካዩት ይበላሻል። ጀሶውን አጠገቤ አቁሜ ሚሊ በሚሊ ለካሁ። የጠርዙን ንጣት፣ የውስጡን ጥቁረት፣ ያንን እንደ ሰም የሚያበራውን።  እንባዬን በክርኔ እየጠረግሁ ነው የሠራሁት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና እንደ እናቷ ዝም ብላ ተቀመጠች።

ስጨርስ የእናቷን ነጠላ ከሳጥን አወጣች፤ ለብሳው እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችው። ግድግዳው ላይ ካለው መስታወት ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሁለታቸው ብቻ ቤት ሲሆኑ እትዬ ታደርግ እንደነበረው ይመስለኛል፣ የነጠላውን ጫፍ ቀስ ብላ አወረደችው።

እኔ ከኋላዋ በመስታወቱ ውስጥ አየኋት። እህቴ ነች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ «ላንሣሽ?» አልኳት። በእጇ ተይው አለችኝ። ብዙ ቆየች። ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች፤ ጣቷን አንሥታ መስታወቱ ላይ፣ በጠባሳው ልክ፣ አሳረፈችው። በልቅሶው ሦስት ቀን ያልወጣላት እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ሙጫዬን እያሟሟ ወረደ።

«እማዬ» አለች፣ «ያምሽ ነበር እንዴ?»

ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ቀለሙ እየወረደ፣ ጠርዙ እየተላቀቀ፣ የራሷ አፍንጫ ከሥሩ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር።

«አክስቴ፣ ታላቅሽ ናት፤ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። ያማት ነበር?»

ያን ጠባሳ በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ሚሊ በሚሊ ለክቼዋለሁ፤ ቀለሙን በእንቅልፌ እቀምመዋለሁ።

«አላውቅም» አልኳት። «ጠይቄያት አላውቅም።»